የሳሎንና የስፓ ሠራተኞች ዕቃ እንዳያባክኑ እንዴት ይሠልጥኑ? ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳም፣ ማራኪም፣ አዘዞም ያሉ ባለ ሳሎኖችና ሠራተኞቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ፣ ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ብክነት የምትሉት ምኑን ነው? ጠብታ ሻምፖ ቢፈስ ምን ይሆናል?

የፈሰሰው ትንሹ ነው። ትልቁ ብክነት ፀጉር ላይ ከተደረገ በኋላ ምንም ሳይሠራ በቧንቧ የሚወርደው ነው። ሳህን ሥር የሚቀር ቀለም አለ። ቲዩብ ውስጥ ተጣብቆ የሚጣል አለ። ክዳኑ ሳይገጠም አድሮ የሚደርቅ አለ። ቀኑ አልፎ ከመደርደሪያ ጥግ የሚገኝም አለ።

እስቲ እናስላው። አንዲት ሠራተኛ ለአንድ ደንበኛ 10 ግራም ቀለም ብቻ አብዝታ ትበጥብጥ እንበል። በቀን ሦስት ደንበኛ፣ በወር 26 የሥራ ቀን፣ 780 ግራም ይሆናል። 60 ግራም በሚይዘው ቲዩብ ስናስበው 13 ቲዩብ ነው። ሌባ ሳይገባ፣ ማንም ሳያጠፋ፣ በወር 13 ቲዩብ ሄደ።

ጎንደር ላይ ደግሞ ከገንዘቡ ሌላ ጣጣ አለው። ዕቃችን አብዛኛው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲዘጋጋ ሐሙስ ያለቀ ዕቃ እሑድ ለሙሽራ አይደርስም።

ሠራተኞቼ የዓመታት ልምድ አላቸው። ምን ቀርቷቸው ነው የሚሠለጥኑት?

ልምድ እጅን ያፈጥናል። መለካትን ግን አያስተምርም። አብዛኞቻችን ሙያውን የተማርነው ከሌላ ሠራተኛ አጠገብ ቆመን ነው። ያቺ እጇ ለቀቅ ያለ ከሆነ የእኛም እጅ ለቀቅ ይላል። እኔ ረዳት ሆኜ ስጀምር ያስተማረችኝ ልጅ የቀለም ልኳ «እስኪበቃ» ነበር። ስንት ነው የሚበቃው ብዬ ስጠይቃት «ታይዋለሽ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይ ኖርኩ።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ቆጥቦ መቅዳት ነውር ነው። እንግዳ ሲመጣ ጠላው ዋንጫውን ሞልቶ ነው የሚቀርበው። ሠራተኛዋም ሻምፖ ስትጨምቅ እንግዳ የምታስተናግድ ይመስላታል። ስለዚህ «አታባክኚ» ብሎ መቆጣት ብዙ አያስኬድም። የሚበዛው ነገር ለደንበኛዋ ምንም እንደማይጨምር በዓይኗ ማየት አለባት።

ከየት ልጀምር?

ከሚዛን። ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። አንድ ግራም የሚለይ ይሁን። ከሚዛኑ ጋር አንድ ደብተር፣ ሁለት ሦስት ልክ የተጻፈባቸው ኩባያዎችና የክሬም ማንኪያዎች ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ማንንም አታስተምሩ። አሠራሩንም አትቀይሩ። ከእያንዳንዷ ደንበኛ በኋላ ሳህኑ ውስጥ የቀረውን ብቻ መዝኑና ጻፉ። የሳህኑን ባዶ ክብደት ቀድማችሁ ሥሩ ላይ በማርከር ጻፉት፣ መቀነሱ ይቀላል። የተረፈውን ቀለም ወዲያው አትድፉት። በአንድ የቆየ ባልዲ አጠራቅሙት። ክዳን ግን አትግጠሙበት፣ የተበጠበጠ ቀለምና ማንጫ (ብሊች) አየር ስለሚፈጥር ታሽጎ ሲቀመጥ ሊፈነዳ ይችላል። ማታ ሱቅ ስትዘጉ ባልዲውን ከበብ ብላችሁ እዩት። እኔ ከዚህ ባልዲ የበለጠ አስተማሪ አላየሁም። አንድም ቃል ሳይነገር «ይሄ ሁሉ የኛ ነው?» ይባላል።

ሥልጠናው ስንት ቀን ይፈጃል? መቼስ ይሻላል?

አንድ ሙሉ ቀን ከመስጠት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አርባ አርባ ደቂቃ፣ ለአንድ ወር ቢሆን ይሻላል። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ። ይህ ሳምንት የሻምፖ ከሆነ ስለ ቀለም አታንሱ።

ጊዜው ከበዓልና ከሰርግ የራቀ ይሁን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ? ፀጉሩም እንደዚያው ነው። ከከተራ በፊት ባሉት ቀናት ሹሩባው፣ ቀለሙ፣ ካስኩ (ራስ ላይ የሚደፋው ማሞቂያ) ሁሉ ተይዞ ማንም ሚዛን አያነሳም። የጥር ሰርግም ተከታትሎ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ይቆማል፣ ሳሎኑም ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ ነው ሥልጠና። ለጥር ጊዜያዊ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ ለእሷ ቢያንስ የሻምፖውንና የቀለሙን ልክ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ መስታወቱ አጠገብ ለጥፉላት።

ለአንድ ራስ ስንት ሻምፖ ይበቃል?

ለመካከለኛ ፀጉር 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ። ለረጅምና ለወፍራም ጨመር ይደረጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ባለ 5 ሊትሩ ጋሎን በ10 ሚሊ 500 ጊዜ ያሳጥባል። በ20 ሚሊ 250 ጊዜ ብቻ።

ጋሎኑ ላይ ያለውን ፓምፕ አትመኑት። አንዳንዱ በአንድ ጭነት ጥቂት ሚሊ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ግን ከሚያስፈልገው እጥፍ ይተፋል። አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ኩባያ ላይ ለኩት። ብዙ የሚሰጥ ከሆነ ግማሽ ድረስ ብቻ እንዲወርድ አንገቱ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አስገቡለት። ሠራተኛዋ ማሰብ ሳያስፈልጋት ልኩ ይመጣል።

ኮንዲሽነር ላይ ደግሞ ስህተቱ ሌላ ነው። ውሃው ከሚንጠባጠብ ፀጉር ላይ ይደረጋል፣ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ «አልያዘም» ተብሎ ይደገማል። መጀመሪያ በፎጣ ጨምቁት። ከዚያ ከመካከል ወደ ጫፍ። ሥሩ ላይ አያስፈልግም።

ደንበኞቻችን ቅቤ ተቀብተው ይመጣሉ። አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ሻምፖ እንጨምራለን። ሌላ ምን እናድርግ?

ይሄ የኛው የራሳችን ጥያቄ ነው፣ በውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ሻምፖ ቅባት ሲያገኝ አረፋ አያወጣም። አረፋ አልወጣም ማለት ግን አልሠራም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሥራ ላይ ነው ያለው። አረፋ ለመፈለግ ሦስት አራት ጊዜ የሚጨመረው ነው ከንቱ የሚቀረው።

እንዲህ ሞክሩት። መጀመሪያ ፀጉሩን ሳታርሱ ትርፉን ቅቤ በወፍራም ማበጠሪያና በአሮጌ ፎጣ አውጡት። ከዚያ ትንሽ ሻምፖ ገና ባልረጠበው ፀጉር ላይ አሹት። ውሃ ቀድሞ ከገባ ቅቤው ሻምፖውን አያስጠጋም። ደህና አድርጋችሁ ካሻችሁ በኋላ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁ። ቀዝቃዛ ውሃ ቅቤውን መልሶ ያረጋዋል። ሁለተኛው እጥበት ላይ በግማሹ ልክ አረፋው ራሱ ይመጣል።

ሻምፖውን በውሃ ብናቀጥነውስ?

ጋሎኑ ውስጥ ውሃ መጨመር የለም። ሻምፖ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር ለተሞላው መጠን ነው የተሰላው። ውሃ ስትጨምሩ እሱም ይቀጥናል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል። ሽታው ሲቀየር ሙሉውን ትደፉታላችሁ።

ለዕለቱ በትንሽ ባለ አፍንጫ ጠርሙስ ማቅጠን ግን ይቻላል። ቶሎ ይዳረሳል፣ በተለይ ሹሩባ ለተሠራ ራስ ጥሩ ነው፣ በመስመሩ መካከል ይገባል። ማታ የቀረው ይደፋል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ይደርቃል።

ቀለም ላይ እንዴት እንቆጥብ? ገንዘባችን የሚያልቀው እዚያ ነው።

እውነት ነው። ጊዜያችሁን የምታውሉትም እዚህ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ፣ ቀለምና ኦክሲጅን (ቀለሙን የሚያሠራው፣ አብሮት የሚበጠበጠው ፈሳሽ) ሁልጊዜ በሚዛን ይበጥበጥ። ምጣኔው ካርቶኑ ውስጥ ካለው ወረቀት ላይ ይነበባል። አንዱ ዓይነት 1 ለ 1 ነው፣ ሌላው 1 ለ 1.5፣ ቶነርና (የነጣን ፀጉር መልክ የሚያስተካክለው) በጣም የሚያነጣው ቀለም ብዙ ጊዜ 1 ለ 2። በዓይን የተለካ ሲቀጥን ይንጠባጠባል፣ ሲወፍር አይዳረስም። ሁለቱም ድጋሚ መበጥበጥን ያመጣል።

ሁለተኛ፣ በግማሽ ጀምሩ። ሥሯን ብቻ ለምትቀባ ደንበኛ እኔ 25 ግራም ቀለም ላይ ኦክሲጅኑን በምጣኔው ልክ ጨምሬ እጀምራለሁ። ካነሰ ሌላ 10 ግራም መበጥበጥ አንድ ደቂቃ ነው። የበጠበጡትን መመለስ ግን አይቻልም። «ደንበኛ ፊት ሁለቴ መበጥበጥ ያሳፍራል» የምትል ልጅ ነበረችኝ። ደንበኛዋ ግን ስልኳን ነበር የምታየው።

ሦስተኛ፣ ሥር ማለት ሥር ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ቢል ነው። በሁለት ወሯ የመጣች ደንበኛ የሚቀባላት ሁለት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ሠራተኞች ግን በየጊዜው እስከ ጫፍ ይጎትቱታል። ቀለሙ ያልቃል፣ ጫፉም እየጠቆረና እየደረቀ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ካርድ። ለእያንዳንዷ ደንበኛ ቀኑ፣ የቀለሙ ቁጥር፣ ስንት ግራም ተበጠበጠ፣ የኦክሲጅኑ ኃይል፣ ስንት ተረፈ። በሚቀጥለው ስትመጣ የተረፈውን ቀንሳችሁ ትጀምራላችሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ካርዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሠራተኛዋ ብትለቅ የደንበኛዋ ቀለም አብሯት አይሄድም።

አንድ የማይታሰብ ብክነት ደግሞ ኦክሲጅን መሳሳት ነው። 3፣ 6፣ 9 እና 12 ፐርሰንት ያለው፣ በሌላ አጠራር 10፣ 20፣ 30 እና 40 ቮልዩም የሚባለው፣ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በጥድፊያ 12 ተነሥቶ ሙሉ ሳህን ሲደፋ አይቻለሁ። ባይደፋ ደግሞ የባሰ ነበር። በየጠርሙሱ የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፉ። ለአራቱ ጠርሙስ አንድ ቀን፣ ጥቂት ብር።

የተረፈ ቀለም ለነገ ይቀመጣል?

ኦክሲጅን የገባበት አይቀመጥም። ቀለሙ ሥራውን የሚጀምረው ራስ ላይ ሲደርስ አይደለም፣ ሳህን ውስጥ ሲበጠበጥ ነው። ከግማሽ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ኃይሉ ያልቃል። ነገ ብትቀቡት ቀለም የመሰለ ክሬም ነው የምትቀቡት። ኦክሲጅን የማይፈልግ፣ እንዳለ የሚቀባ ቀለም ግን ራስ የነካ ብሩሽ ካልገባበት ተከድኖ ይቆያል። ስለዚህ በንጹሕ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ አውጡ።

አንድ ነገር ግን በጣም አስጠነቅቃለሁ። የተረፈ ጥቁር የፀጉር ቀለም ከሂና ጋር ቀላቅሎ ለሙሽራ እጅ መቀባት አለ። ቶሎ ይጠቁራል፣ ያምራልም። የፀጉር ቀለም ለቆዳ የተሠራ አይደለም። ውሃ የቋጠረ ቁስል፣ ጠባሳ፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ የፀጉር ቀለም አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ብክነትን በዚህ አትቀንሱ። እንሶስላ አለላችሁ።

ሪላክሰርስ?

ሪላክሰርም (ፀጉር ማለስለሻው) እንደ ቀለሙ ነው፣ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ። ቀድሞ የለሰለሰው ላይ ድጋሚ ማስኬድ ዕቃም ያባክናል፣ ፀጉርም ይበጣጥሳል። ሳሎን ቀይራ የመጣች ደንበኛ ፀጉሯ ከመካከል ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከሁለት ዕቃ የሚበጠበጠው ዓይነት ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፣ አብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከትልቁ ማሰሮ በንጹሕ ማንኪያ ወደ ትንሽ ሳህን አውጡ እንጂ ብሩሹን ማሰሮው ውስጥ አትክተቱ።

ስፓ ላይ ነው የምሠራው። የማሳጅ ዘይትና የሞሮኮ ባዝ ሳሙና በጣም ያልቅብናል።

ዘይቱን ከጠርሙስ በቀጥታ ሰውነት ላይ ማፍሰስ ተዉ። ለአንድ ደንበኛ በትንሽ ሲኒ 20 ሚሊ ቅዱ። ሲኒውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አኑሩት። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ሰፊ ቦታ ያዳርሳል። መጀመሪያ መዳፍ ላይ፣ ከዚያ ገላ ላይ። ካነሰ ይጨመራል። በበጋ የጎንደር አየር ደረቅ ነውና ቆዳ ዘይቱን ቶሎ ይመጥጣል፣ ያኔ 25 እና 30 ሊደርስ ይችላል። እሱም ደብተር ላይ ይጻፍ።

የሞሮኮ ባዝ ጥቁር ሳሙና የሚያልቀው ደረቅ ገላ ላይ ስለሚቀባ ነው። ደንበኛዋ መጀመሪያ ስቲም ውስጥ አምስት አሥር ደቂቃ ትቆይ። ላብና እንፋሎት ካራሳት በኋላ በእጅ ላይ ያለች ትንሽ ሳሙና ሙሉ ጀርባ ታዳርሳለች። እድፉን ፈትጎ የሚያወጣው ጓንቱ ነው እንጂ የሳሙናው ብዛት አይደለም።

በቤት የሚሠራ ስክራብ ለዕለቱ ብቻ ይሠራ። የቡና አተላ አጠራቅመው ስክራብ የሚያደርጉ አሉ፣ ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ በየቀኑ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ሆኖ አተላ መድፋት ያሳዝናል። ግን እርጥብ አተላ በጥቂት ቀን ይሻግታል። በትሪ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ ካላደረቃችሁት አታስቀምጡት።

የጥፍር ዕቃ ቶሎ ይደርቅብናል።

ክዳን ነው። የጠርሙሱን አንገት በአሴቶን በነካ ጥጥ ጠርጉና ግጠሙ። የወፈረ ቀለም ውስጥ አሴቶን አትጨምሩ፣ ቀለሙን ያበላሸዋል። ለዚያ የተሠራ ማቅጠኛ አለ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ጄል ከሆነ ከመብራቱም ከመስኮቱም ራቅ ይበል፣ ብርሃን ጠርሙሱ ውስጥ ያደርቀዋል። ጥጡን ደግሞ ለአራት ቆርጣችሁ አስቀምጡ፣ ለአንድ ጥፍር ሙሉ ጥጥ አሴቶን ይጠጣል።

ቀኑ ያለፈበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ለምን ይገኝብናል?

አንዱ ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ነው። አትሳቁ። ዕቃው ላይ 03/2026 ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ ነው፣ በእኛ መጋቢት 2018 ገደማ። ሠራተኛዋ 2026ን በራሷ አቆጣጠር ካነበበችው ገና ስምንት ዓመት አለው ብላ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ዕቃ ሲገባ በእኛ ወርና ዓመት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ቀድሞ የሚያልፈው ከፊት ይደርደር፣ አዲሱ ከኋላ።

የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል ውስጥ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። የተከፈተበትን ቀን ካልጻፋችሁ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ይቺ ቀላል ትመስላለች፣ ግን የብዙ ሳሎን መደርደሪያ ስድስት የተከፈተ ኮንዲሽነር አለበት።

ውሃ ሲጠፋና መብራት ሲሄድ የሚበላሸውንስ?

ቀለም ከመበጥበጣችሁ በፊት አንድ ሰው ሮቶውን ይይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ደንብ ይሁን። ቀለም ራስ ላይ ሆኖ ውሃ ሲያልቅ በጀሪካን መሯሯጥ ይመጣል፣ ሰዓቱ ያልፋል፣ ሥራው ይበላሻል፣ እንደገና ይሠራል። ሻምፖም ሲበዛ ለማለቅለቅ ውሃ ያበዛል። በጆግ በሚታጠብበት ቀን ይሄ በደንብ ይታያችኋል።

መብራት ሲሄድ ግን አትደንግጡ። መደበኛው ቀለም ካስክ አይፈልግም፣ በክፍሉ ሙቀት ይሠራል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። መብራት ስለሄደ ብቻ አጥባችሁ ድጋሚ አትበጥብጡ።

ደንበኛዋ «ሰሰታችሁብኝ» ብትልስ?

ትላለች። በተለይ ሲለካ ካየች። ከእሷ ደብቃችሁ አትለኩ፣ ይብስባታል። ፊት ለፊት ለኩና «እናቴ፣ ለእርስዎ ፀጉር የሚሆነውን ልክ ካርድዎ ላይ ጽፈነዋል» በሉ። ልክ ሲባል ስስት መሆኑ ይቀርና ሙያ ይሆናል። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ሲለካ ሰሰቱብኝ የሚል የለም።

ያልበዛበትን ቦታ በሌላ ነገር ካሱት። እጥበቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ተጨማሪ ራስ ማሸት ምንም አያስወጣም። ደንበኛ የምታስታውሰውም ጣቶቻችሁን ነው፣ የሻምፖውን ብዛት አይደለም።

ምን ላይ ነው ፈጽሞ የማንቆጥበው?

ሪላክሰርን የሚያጠፋው ሻምፖ ላይ። የራስ ቅል መጠበቂያ ቫዝሊን ላይ። ጓንት ላይ። ሰም የሚቀባበት እንጨት ላይ፣ አንዴ ገላ የነካ ተመልሶ ሰሙ ውስጥ አይገባም። ከቀለም 48 ሰዓት በፊት በሚደረገው የአለርጂ ሙከራ ላይ። ማበጠሪያና መቀስ የሚዘፈዘፍበት መድኃኒት ላይ። ይሄኛው ላይ መቅጠንም መወፈርም ጥሩ አይደለም። ሲቀጥን አይገድልም፣ ሲወፍር ብረቱን ይበላል። ጠርሙሱ ላይ ባለው ልክ፣ ለተጻፈው ደቂቃ ይዘፍዘፍ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። በየቀኑም ይቀየር።

ይህን ዝርዝር ከቁጠባው ጋር በአንድ ቀን አስተምሩ። አለበለዚያ ጎበዟ ሠራተኛችሁ ጓንቱን አጥባ ለሁለተኛ ደንበኛ ታቀርብላችኋለች።

ያባከነችውን ከደመወዟ ብቆርጥስ?

አትቁረጡ። መጀመሪያ ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች ደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ሲቆረጥም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ሕጉን ብንተወው እንኳ አይጠቅማችሁም። ቅጣት ሲመጣ ብክነት አይቀንስም፣ ይደበቃል። የተረፈው ቀለም ባልዲው ውስጥ መግባቱ ይቀርና ሽንት ቤት ይደፋል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያምራል፣ ቲዩቡ ግን ያልቃል። እኔ ይህን ያደረገች ባለ ሳሎን አውቃለሁ። ያቺ ባለ ሳሎን እኔው ነበርኩ። ቁጥሩ የተስተካከለው ቅጣቱን ትቼ ባልዲውን ስመልስ ነው።

ዕቃ ከሄደ፣ ማለትም ከተወሰደ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በየሳምንቱ የገባውን፣ የወጣውንና ካርዶቹ ላይ የተጻፈውን አስተያዩ። ካርዱ 300 ግራም ብሎ መደርደሪያው 500 ከጎደለ ጥያቄ ይጠየቃል። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሚዛኑን ፈትሹ። ባትሪው ሲደክም ይዋሻል።

በፐርሰንት ነው የምከፍላቸው። ዕቃው የእኔ ነው፣ እነሱ ምን አገባቸው?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ጠያቂዋም ትክክል ናት። ቀለም 1,600 ብር ይሁን፣ ሠራተኛዋ 30 ፐርሰንት፣ ማለትም 480 ታገኛለች። ዕቃው 400 ቢፈጅም 500 ቢፈጅም 480 ነው። ልዩነቱ ከእናንተ ኪስ ብቻ ይወጣል። እንዲህ ባለ አከፋፈል የቱንም ያህል ብታሠለጥኑ የሰው ልብ ሚዛኑ ላይ አይሆንም።

አንዱ መንገድ መጀመሪያ የዕቃውን ወጪ መቀነስ ነው። ከ1,600 ላይ 400 ሲነሣ 1,200 ይቀራል። ፐርሰንቱን 40 አድርጉት። እሷ ያው 480 ታገኛለች፣ አልተጎዳችም። ዕቃው 500 ከፈጀ ግን 440 ይሆንባታል፣ 350 ከፈጀ 500 ይሆንላታል። ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ፣ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አሳይታችሁ፣ ተስማምተው ይፈርሙበት። በቃል ከሆነ የመጀመሪያው ወር ላይ ጠብ ይነሣል።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ ፀጉረ ወፍራምና ረጅም ደንበኛ የሚደርሳት ሠራተኛ ያለ ጥፋቷ ትከስራለች። ስለዚህ የዕቃው ልክ ለአጭር፣ ለመካከለኛና ለረጅም ተለይቶ ይቀመጥ፣ ዋጋውም አብሮ ይለያይ። ሁለተኛው፣ ጭማሪ ለማግኘት ቀለም አሳንሳ የምትቀባ ሠራተኛ ትፈጠራለች። ለዚህ ወለል አብጁለት፤ ካርዱ ላይ ከተወሰነው ግራም በታች ለወረደ ጭማሪ የለም። ሽበቷ ሳይሸፈን የተመለሰች ደንበኛ ድጋሚ ስትሠራ ደግሞ የዕቃውም የጊዜውም ወጪ መጀመሪያ በሠራችው ልጅ ሒሳብ ላይ ይመዝገብ፣ ይህም ቀድመው በፈረሙበት ስምምነት ውስጥ የተጻፈ ይሁን። እኔ ጋ ይህ ደንብ ከገባ በኋላ ሽበት ላይ ቀለም እያሳነሱ መቀባት በሁለት ሳምንት ቆመ። ሚዛኑን ቀድመው የሚያነሡትም እነሱ ሆኑ፤ አሁን የሚጣሉት ማን ይጠቀምበት በሚል ስለሆነ ሁለተኛ ሚዛን ገዝቻለሁ።